ገመድ ላይ ሲሆን የሚያብድ ውሻ፦ አንድ ጥያቄ፣ ብዙ መልስ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ያቀረበው ሲኤምሲ አካባቢ የሚኖር አባወራ ነው። አራት ዓመት የሞላው ወንድ ጀርመን ሼፐርድ አለው፤ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። ግቢ ውስጥ ልጆቹ ጆሮውን ቢጎትቱት እንኳ ዝም ይላል። ገመድ አስሮ ከበር ሲያወጣው ግን ሌላ ውሻ ነው። ማዶ ላይ አንድ ውሻ ብቅ ሲል በኋላ እግሩ ቆሞ ይጮኻል፣ ይወራጫል፣ ሰውየውን እየጎተተ አስፋልት ላይ ይወጣል። የጎረቤት ሴትዮ ትንሽ ውሻዋን አቅፋ አጥር ላይ የተለጠፈችበት ቀን አለ። ሚስቱ ወይ ይሰልጥን ወይ ለሰው ይሰጥ ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። እሱ ማወቅ የፈለገው፣ ካደገ ውሻ ጋር መልፋት ዋጋ ይኖረው እንደሆነ ነው።

ከአርባ በላይ መልስ መጣለት። ሁሉንም አልተርክላችሁም። ጥቂት የማይባለው ስድብ ነው፤ ሌላው ቀልድ። ፍሬ ያለበትን ቁጥሩን እየጠራሁ ልውሰዳችሁ።

መልስ 1 በጣም ትሁት ነው። ሰላምታውን አብዝቶ፣ የሱም ውሻ ከጎለመሰ በኋላ ና ሲሉት መምጣትን፣ ቁጭ ሲሉት መቀመጥን እንደለመደ ይናገራል። ተስፋ አትቁረጥ ባይ ነው። እንዴት እንዳስተማረው ግን አንድም ቃል የለም። መልስ 2 ሽጠው የሚል ነው፤ ገዢ ከተፈለገ እሱ ራሱ አለ። መልስ 3 ወንድ ውሻ ከተኮላሸ ነገሩ ሁሉ ያልቃል ሲል ፈረደ።

እዚህ ላይ መልስ 4 ገባ። የእንስሳት ሐኪም መሆኑን ገልጾ ነው የጀመረው፤ አጻጻፉም ይመሰክርለታል። ማኮላሸት ብቻውን ገመድ ላይ የሚታይን ቁጣ እንደማያጠፋ፣ በተለይ ምንጩ ፍርሃት ከሆነ ለውጥ መጠበቅ ከንቱ እንደሆነ አስረዳ። ጀርመን ሼፐርድ በዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም የሚታወቅ ዝርያ ስለሆነ መጀመሪያ ሕመም እንዳለው እንዲታይ መከረ። የሚያመው ውሻ ቶሎ ይቆጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው ካለፈ ዛሬ ነገ እንዳይባል፣ ጠባዩ የተለወጠው በድንገት ከሆነ ደግሞ የሥልጠናው ወሬ ቀርቶ በቀጥታ ክሊኒክ እንዲወሰድ አስጠነቀቀ። ባለጥያቄው ክትባቱ ሙሉ እንደሆነ፣ ጠባዩም ከቡችላነቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ የመጣ እንደሆነ መለሰ።

መልስ 5 የጸቡ መነሻ ነው። ጸሐፊው በጥበቃ ሥራ ዕድሜያቸውን የፈጁ ጋሼ ናቸው። ውሻ የሚገባው ኃይል ነው ይላሉ። ሰንሰለቱን አሳጥሮ መያዝ፣ ሲጮኽ በጀርባው አንጋልሎ መጫን፣ አለቃው ማን እንደሆነ ማሳየት። ባለጥያቄውን አንቱ እያሉ፣ በጨዋ ቃል ነው የጻፉት።

መልስ 6 ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እሱም በጨዋ ቃል የአለቃነቱን ሐሳብ አመጣጥ ተረከ። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተመው ጥናት በአጥር ውስጥ በታጎሩ ተኩላዎች ላይ የተሠራ ነበር። የማይተዋወቁ እንስሳት አንድ ግቢ ሲታጎሩ ቢናከሱ ምን ይገርማል። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች በ1970 ያንኑ ሐሳብ በሰፊው አሰራጨው። ኋላ ላይ በዱር ያሉትን አጥንቶ፣ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር እንደሆነ በ1999 ጻፈ፤ የቀድሞ ሐሳቡንም ራሱ አረመ። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው አቋም ቁጡ ለሆነ ውሻም ቢሆን በሽልማት የሚሰጥ ሥልጠናን ነው የሚደግፈው። ቨርጂኒያዊው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን የጋሼን ዘዴ ኋላቀር ብሎ ጠራው።

ከመልስ 7 እስከ 12 ያለውን መገመት አያቅታችሁም። ጋሼ አንቱታውን ጥለው በአንተ መጡ። ቨርጂኒያ ሶፋ ላይ የሚተኛ ውሻና አዲስ አበባ ሌባ የሚጠብቅ ውሻ አንድ አይደሉም አሉ። አንዱ ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን ተረት ጠቅሶ ማንን እንደሰደበ ሳይታወቅ ወጣ። ሌላው ነገሩን ለማብረድ ብሎ የጃንሆይን ሉሉን አነሳ፤ ያቺ ትንሽ ውሻ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንዳሻት ስትዘዋወር ማን አለቃ እንደነበር ጠየቀ። ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ስድቡ ቀጠለ።

መልስ 13 ባይኖር ይህን ሁሉ አልጽፍላችሁም ነበር። የጻፈችው አያት አካባቢ የምትኖር ሴት ናት፤ እሷም ትልቅና ጉልበተኛ ውሻ አላት። ማንንም ሳትነካ በቀጥታ ሥራው ውስጥ ገባች። ጉዳዩ ርቀት ነው አለች። ውሻው ሌላውን ውሻ እያየ ቀልቡ የማይጠፋበት ቦታ አለ። ያ ቦታ 20 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል፣ 60 ላይም ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው ውሻው ነው። ሥልጠናው የሚጀመረው እዚያ ሲሆን፣ ከዚያ ቀርቦ የሚደረገው ሁሉ ልፋት ብቻ ነው።

ቦታው እንዴት እንደሚታወቅም ዘረዘረች። ሲያለከልክ የነበረ ውሻ ድንገት አፉን ይገጥማል። ጆሮው ወደፊት ይቀሰራል። ክብደቱን ፊት እግሩ ላይ ይጥላል፣ ጅራቱ ሽቅብ ይደርቃል። ከዚህ እስከ ጩኸቱ ያለው ጊዜ ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ነው። ሌላው ምልክት ምግብ ነው። ሁልጊዜ የሚወደውን ሥጋ እምቢ ካለ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ባለቤቱ ሳይከራከር ዞሮ መሄድ አለበት።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን አስረዳች፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ጋ ነው። ውሻው ሌላውን ውሻ መጀመሪያ ያያል፣ ጉርሻው ከዚያ ይከተላል። ያኛው እስኪሰወር ድረስ ትንንሽ ቁራጭ ሥጋ በላይ በላዩ ይሰጠዋል። ሲሰወር ጉርሻውም ያቆማል። ሳያይ በፊት ከተጎረሰ ሥጋው ራሱ የአደጋ ምልክት ይሆንበታል፤ ባለቤቱ እጁን ኪሱ ሲከት ከየት መጣብኝ ብሎ ዙሪያውን መቃኘት ይጀምራል። ፓቭሎቭ በውሾቹ ምራቅ ያሳየውም ይህንኑ እንደሆነ፣ ቀድሞ የሚመጣው ነገር ለሚከተለው ምልክት እንደሚሆን አስታወሰች። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሲደጋገም ውሻው ሌላ ውሻ ሲያይ ከመጮኽ ይልቅ ወደ ባለቤቱ ይዞራል፤ ሥጋዬስ እንደማለት።

የገመዱንም ነገር አልዘለለችም። ሁለት ሜትር ያህል የሚሆን፣ ሳይወጠር የሚያዝ ገመድ። እጅ ላይ መጠምጠም የለም፤ 40 ኪሎ ሲስፈነጠር ጣት ይሰብራል። አንገት ላይ ከማሰር ደረቱ ላይ ቀለበት ያለው ሃርነስ (ደረትና ጀርባውን የሚያቅፍ ማሰሪያ) ይሻላል፤ ሲጎትት ወደ ጎን ያዞረዋል። ዞሮ መሄድን ደግሞ መንገድ ላይ ከመሞከር በፊት ማንም በሌለበት ግቢ ውስጥ ጨዋታ እስኪመስለው ማለማመድ ያስፈልጋል።

ባለጥያቄው በማግሥቱ በመልስ 14 ተመለሰ፤ ተናዷል። በሩን ከፍቶ እንደወጣ የሰፈሩ ውሾች አሉ። ሥጋውን አፍንጫው ሥር ቢያደርግለትም አላየለትም። ዘዴው ቀሽም ነው ብሎ ደመደመ። መልስ 15 ላይ አንድ ወጣት የሴትየዋን መልስ እንደገና እንዲያነበው በትንሽ ምጸት ነገረው። በሩ ላይ አምስት ሜትር እንጂ ስድሳ ሜትር የለም።

ሴትየዋ ግን አልተሳለቀችም። በመልስ 16 ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፦ ውሻው ቀን የት ነው የሚውለው?

መልሱ ውይይቱን ገለበጠው። ውሻው ጠዋት ዘበኛው ያስረዋል፤ ማታ ይፈታል። የሚታሰረው የውጭው በር አጠገብ ነው፣ አጭር ሰንሰለት ላይ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሚያልፈውን እግር ሁሉ ያያል። ሲጮኽ ዘበኛው ጎበዝ ይለዋል፤ ከምሳው ያካፍለዋል። ይህም ቡችላ ሆኖ ከመጣ ጀምሮ ነው።

ሐኪሙ በመልስ 18 ተመልሶ አጥብቆ የያዘው ይህንን ነው። አንድ ሰው በበሩ ሥር ያልፋል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ሰውየው ይሄዳል። ሰውየው ድሮም መሄጃው ነበር፤ በውሻው ሒሳብ ግን ጩኸቱ ነው ያባረረው። በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይህን ይለማመዳል፤ በላዩ ላይ ምርቃትና እንጀራ አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሳምንት ሁለቴ ለሃያ ደቂቃ ወጥቶ ጨዋ እንዲሆን ይጠበቃል። ሐኪሙ ያዘዘው ሰንሰለቱን ከበሩ አንስቶ ወደ ጓሮ እንዲያዛውር፣ የበሩን ሥር በላሜራ እንዲደፍን፣ ዘበኛውም ሲጮኽ ሳይሆን ዝም ሲል እንዲያጎርሰው ነበር። ቢቻል ሰንሰለቱ ቀርቶ አጥር ያለው ስፍራ ይሠራለት።

እኔ ከሐኪሙ ጋር ነኝ። ውሻው ባለጌ አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ የተማረውን በደንብ የሚሠራ ተማሪ ነው። መንገድ ላይ የሚደረገው ሥልጠና ጥሩ ነው፤ የበሩ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ግን የትም አይደርስም።

ጋሼ ግን ተነሡ። ዝም ያለ ውሻ ሌባ ምን ያደርግለታል ብለው በመልስ 19 ጠየቁ፤ ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። በርከት ያሉ ሰዎችም ደገፏቸው። ሐኪሙ በሰጠው መልስ ውሻ ቦታንና ሰዓትን ለይቶ እንደሚያውቅ አስረዳ። ሌሊት ግቢ ውስጥ ተፈቶ የሚጮኽ ውሻ ቀን ሃርነስ ሲደረግለት ሌላ ሥራ ላይ እንዳለ መማር ይችላል። ሃርነሱ የሽርሽር ልብሱ ይሁንለት፤ ለሌላ አይደረግ። ጋሼ በዚህ ባይረኩም ድምፃቸው ለሰስ አለ።

ከፍራንክፈርት የመጣው መልስ 22 ግን እንደገና አጋጋለው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥልጠና ላይ ሾህ ያለው የአንገት ማሰሪያም ሆነ ሌላ የሚያሳምም መሣሪያ መጠቀም እንደተከለከለ፣ ከ2023 ወዲህ ውሻን አስሮ ማዋልም በመርህ ደረጃ ሕገ ወጥ እንደሆነ ጻፈ። መረጃው ጥሩ ነበር፤ ዘበኛው መከሰስ አለበት ብሎ ባይጨርሰው። ሦስት ሰው ተከታትሎ፣ የዘበኛውን ደመወዝ ከፍራንክፈርት ሆኖ ይክፈል እንደሆነ ጠየቀው።

ቀጥሎ ወሬው ወደ ምግብ ሸሸ። መልስ 26 ከልኳንዳ የሚገዛ ሳንባ ጥሬውን እየቆረጡ ማጉረስ ርካሽ እንደሆነ መከረ። ሐኪሙ ወዲያው ከለከለ። ከእርድ የተረፈ ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ የውሻ ኮሶ ትል ከረጢት ሊኖር ይችላል፤ ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ደግሞ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጆች ይተላለፋል። ይቀቀል፣ ከዚያ እንደ ሽንብራ ፍሬ አንሶ ይቆረጥ። የወጥ ትራፊም አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። አንዲት እናት እንግዲህ የዶሮ ወጥ ሲተርፍ ለማን ይሰጣል ብላ ከልቧ ተጨነቀች።

ባለጥያቄው ሌላ ችግር አመጣ። ሁዳዴ ገብቷል፤ ቤት ውስጥ ሥጋ አይቀቀልም፣ ሚስቱ ድስቷን አታስነካም። መልስ 29 ለብቻው ድስት እንዲገዛ፣ ውሻው ጾመኛ እንዳልሆነ አስታወሰው። መልስ 30 የተቀቀለ ስኳር ድንች የሚወዱ ውሾች እንዳሉ ጠቆመ። ትክክል ነው፤ ግን 40 ኪሎ ጀርመን ሼፐርድ ሌላ ውሻ ፊት ቆሞ በስኳር ድንች ይታለላል ብዬ አልወራረድም።

ከሁሉ ደስ ያለኝ መልስ 31 ነው። ከሐረር የጻፈች ሙስሊም እህት ናት። የወንድሟ ውሻ ተመሳሳይ ችግር አለበት። በሻፊዒ መዝሀብ (አንዱ የእስልምና የሕግ ትምህርት መንገድ ነው) የውሻ ምራቅ የነካውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ ስላለ በእጅ ማጉረሱ ከበዳት። ታዲያ እዚያው ሐረር ጅብ የሚመግቡ ሰዎች ሥጋውን በእንጨት ጫፍ እንደሚያቀርቡት ሁሉ፣ እሷም ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት ማንኪያ ሞክራ ሠራላት። መሬት ላይ መወርወርም እንደሚሆን አከለች። ሐኪሙ ከማመስገኑም አልፎ፣ ሥጋው መሬት ላይ ሲወድቅ ውሻው አንገቱን ደፍቶ ማሽተት ስለሚጀምር እንዲያውም ይበልጥ እንደሚያረጋጋው ጻፈላት።

የሰፈር ውሾች ጉዳይ ግን መፍትሔው ቀላል አልሆነም። አንተ ርቀት ብትጠብቅ እነሱ አይጠብቁልህም። መልስ 33 እንደ ልጅነታችን ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሳት ማስመሰል ብቻ በቂ እንደሆነ አስታወሰ፤ ድንጋዩ ሳይወረወር ይበተናሉ። እውነት ነው። መልስ 34 ደግሞ የሚሰለጥነው ውሻም የሀበሻ ውሻ ከሆነ አብሮ እንደሚደነብር አረመው። የአያት ሰፈሯ ሴት የተሻለ ነገር ነበራት። በሌላ ኪሷ ደረቅ እንጀራ ትይዛለች፤ ሲመጡባት ዘግና ወደነሱ ትበትንና እነሱ ሲለቅሙ ውሻዋን ይዛ ትዞራለች። የቆመ መኪና ካገኘች ከኋላው ትከለላለች። የሰፈር ውሾች ረፋድ ላይ ጥግ ይዘው ስለሚተኙ የምትወጣውም ያኔ ነው፤ ሌሊትና ንጋት ላይ ሰፈሩ የነሱ ነው።

መልስ 36 ከዱባይ የመጣ የኤሌክትሪክ ኮላር (አንገት ላይ ታስሮ የሚነዝር) እንዳለው አስተዋወቀ። ቁልፉን መጫን ብቻ ነው፣ ውሻው ጭጭ ይላል። ምላሹ ምሕረት የለሽ ነበር። ጠንከር ያለውን የጻፉት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጋሼ ናቸው። ድሮ በሥራቸው ላይ የሚመታ ውሻ አይተዋል። ማጉረምረሙን ትቶ፣ አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ዘሎ ነክሷል። ዱላ የያዘውን ሰው ያውቀዋል፤ ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ሕመም ግን ፊቱ ባለው ውሻ ያሳብባል አሉ። ቨርጂኒያዊው በመልስ 38 ተስማማ፤ ዌልስ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2010 እንደከለከለችውም ጨመረ። ጋሼንም አንቱ ብሎ ነው የጻፈው። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ ለዚህ ውይይት ግን ይበቃል።

ባለጥያቄው ሳምንታት ቆይቶ በመልስ 39 ብቅ አለ። ሰንሰለቱ ወደ ጓሮ ሄዷል፣ የበሩ ሥር ተደፍኗል። ዘበኛው መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አሁን የተቀቀለውን ሳንባ በኪሱ የሚይዘው እሱ ነው። ውሻው ሰፊ ሜዳ ላይ ሩቅ ያለ ውሻ አይቶ ወደ ባለቤቱ መዞር ጀምሯል። ጠባብ መንገድ ላይ ግን አሁንም ይፈነዳል። አንድ ቀን ከፈነዳ በኋላ በማግሥቱም ቁጡ ሆኖ መዋሉ አሳስቦታል። ሐኪሙ የአንድ ቀን ድንጋጤ ቶሎ ከሰውነቱ እንደማይወጣ፣ ያን ጊዜ ከግቢ ሳያወጣ በማሽተት ጨዋታ እንዲያሳርፈው ነገረው። ጠባብ መንገድ የግድ ከሆነ አፉ ላይ የሚደረግ የቅርጫት መሸፈኛ ይልመድ፤ ውስጡ አፉን ከፍቶ ማለክለክና ውኃ መጠጣት የሚችልበት እንጂ አፍ ጥርቅም አድርጎ የሚያስር አይሁን። በድንገት አይደረግበት፤ ሥጋው ቅርጫቱ ውስጥ ተቀምጦ ራሱ አፍንጫውን እስኪያስገባ ይጠበቅ። ሰው ቢነከስ ደግሞ ውሻው ቢከተብም ባይከተብም ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ጠበል መሄድ የሚፈልግ ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ።

ሚስቱ ምን እንዳለች አንዱ ጠየቀ። ውሻው እንዲቆይ ፈቅዳለች፤ ድስቱ ግን ከማጀቷ እንዲወጣ ነው።

እስካሁን የመጨረሻው መልስ 43 ነው። አንድ አዲስ ሰው የሱ ውሻ ሌላ ውሻ ሲያይ ግድ እንደሌለው፣ ባጃጅ ሲያይ ግን እንደሚያብድ ጽፎ ይኸው ዘዴ ይሠራ እንደሆነ ጠይቋል። የአያት ሰፈሯ ሴት ይሠራል ብላዋለች፤ ሞተሩ ከጠፋና ከቆመ ባጃጅ እንዲጀምር፣ ለሹፌሩም የሻይ እንዳይረሳ።